በአርቪ የኬጀንን አገር ለመዞር ለሚነሱ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደቡብ ሉዊዚያናን በአርቪ፣ ማለትም መኝታና ማእድ ቤት ባለው መኪና፣ ለማየት የሚያቅዱ ደጋግመው የሚጠይቋቸውን ከመሠረታዊው እስከ አስቸጋሪው እንዲህ መልሰናል፤ ዓመቶቹም ወራቱም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የኬጀን አገር የሚባለው የትኛው ነው? ኒው ኦርሊንስስ እዚያ ውስጥ ናት?

የኬጀን አገር፣ በነዋሪዎቹ አጠራር አካዲያና፣ የሉዊዚያና ደቡባዊ ክፍል ነው። የግዛቲቱ ምክር ቤት በ1971 በይፋ ስሙን ያጸደቀለት 22 ፓሪሾችን ይዞ ነው፤ ፓሪሽ ማለት በሌሎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ካውንቲ የሚባለው ነው። ዋና ከተማው ላፋዬት ነው። እንግሊዞች ከ1755 ጀምሮ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹን አካዲያውያን ከዛሬዋ ኖቫ ስኮሺያ ነቅለው በተኗቸው፤ ብዙዎቹ ከ1760ዎቹ ወዲህ እየመጡ በዚህ ረግረግና ሜዳ ሰፈሩ። «አካዲያን» የሚለው ስም በአፍ ሲንከባለል «ኬጀን» ሆኖ ቀረ።

ኒው ኦርሊንስ እዚያ ውስጥ አይደለችም። ከላፋዬት 135 ማይል ያህል ትርቃለች፤ ምግቧም ሙዚቃዋም ሌላ ነው፣ የድሮው ሰፈሯ ጠባብ መንገዶችም ለአርቪ አይሆኑም። ያላችሁ ጊዜ አንድ ሳምንት ብቻ ከሆነ እሷን ለሌላ ጊዜ አቆዩአት።

በየትኛው ወር ብንሄድ ይሻላል?

ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጀመሪያ፣ ወይም ጥቅምትና ኅዳር። በጸደይ ወፎቹ ጎጆ ላይ ናቸው፣ አዞዎቹ ፀሐይ ሊሞቁ ይወጣሉ፣ ክሮፊሽ የሚባለው ትንሽ ሎብስተር መሰል የወንዝ እንስሳም በየምግብ ቤቱ በገፍ ይቀቀላል። በመከር ዝናቡ ይቀንሳል፣ ሌሊቱም ለእንቅልፍ ይመቻል።

ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴን ብትተዉ ይሻላል። ሙቀቱ 33 እና 34 ዲግሪ ይደርሳል፤ ከሙቀቱ ይልቅ ግን የሚያደክመው እርጥበቱ ነው። የአርቪ ኤሲ በአብዛኛው ውስጡን ከውጭው በ11 ዲግሪ ያህል ነው የሚያቀዘቅዘው። ቅዝቃዜውን እስከ መጨረሻ ዝቅ ብታደርጉት ደግሞ ውስጡ በረዶ ይሠራና ጭራሽ መንፈሱን ያቆማል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ብርድ ለመሄድ ካሰባችሁ የካምፑ ዋጋ ረከስ ይላል፣ አዞ ለማየት ግን ብዙ ተስፋ አታድርጉ።

ስንት ቀን ያስፈልጋል? ጉዞውንስ ከየት እንጀምረው?

ሰባት ቀን ደህና ነው። አምስት ቀንም ይቻላል፣ ከዚያ ካነሰ ግን ኪራዩም ድካሙም አያዋጣም። ከሁሉ በፊት የምንመክረው አንድ ነገር ነው፦ ጉዞውን ከቅዳሜ ወደ ኋላ አቅዱት። የዚህ አገር ነፍስ ሙዚቃው ነው፣ ሙዚቃው ደግሞ የሚደምቀው ቅዳሜ ጠዋት በሰሜኑ ሜዳ ላይ ባሉት ትንንሽ ከተሞች ነው። ማሙ ውስጥ ከ1946 ጀምሮ ያለው ፍሬድስ ላውንጅ ቅዳሜ ማለዳ በሩን ይከፍትና አኮርዲዮንና ቫዮሊኑ በሬዲዮ በቀጥታ ይተላለፋል፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ሽማግሌዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጨፍራሉ። ከዚያ 11 ማይል ያህል ርቃ በምትገኘው ዩኒስ፣ ሳቮይ በሚባለው የአኮርዲዮን መሥሪያ ሱቅ፣ ያገሬው ተጫዋቾች ቅዳሜ ጠዋት ክብ ሠርተው ይጫወታሉ። ሐሙስ ደርሶ ዓርብ የሚመለስ ሰው ይህ ሁሉ ያመልጠዋል። የሚጫወቱበት ሰዓት ሊለወጥ ስለሚችል በዚያው ሳምንት ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ።

ከሂውስተን ለሚነሳ ቤተሰብ የሚስማማው መስመር ይህ ነው፦ ረቡዕ 145 ማይል ያህል ነድቶ ሌክ ቻርልስ አጠገብ ማደር፣ ሐሙስን ለባሕሩ ዳርቻ መስጠት፣ ዓርብ ወደ ቪል ፕላት ወጥቶ ቺኮት ስቴት ፓርክ ሁለት ሌሊት ማደር። ቅዳሜ ማሙና ዩኒስ፣ እሑድ በላፋዬት በኩል ወደ ብሮ ብሪጅ፣ ሰኞ ሴንት ማርቲንቪልና ኒው አይቤሪያ፣ ማክሰኞ ኤቨሪ አይላንድ፣ ረቡዕ ወደ ቤት። ከዳላስ የሚመጣ በ20 እና በ49 ቁጥር ሃይዌይ ስለሚወርድ ቪል ፕላትን መጀመሪያ ያገኘዋል፤ ቅዳሜን ሳይነካ ቅደም ተከተሉን ይገልብጠው።

ምን ያህል አርቪ ልከራይ? የተለየ መንጃ ፈቃድስ ያስፈልጋል?

ለአራት ሰው 25 ጫማ፣ ለስድስት ሰው 30 ጫማ ይበቃል። ከ30 ጫማ በላይ ለዚህ አካባቢ አንመክርም፤ የየመንደሩ መንገድ ጠባብ ነው፣ ከምግብ ቤቶቹ ደጃፍ ያለው ማቆሚያም ትንሽ ነው። ኩባንያዎች ለኪራይ የሚሰጧቸው እነዚህ መኪኖች በተራ መንጃ ፈቃድ ይነዳሉ። ዝቅተኛው ዕድሜ ግን እንደ ኩባንያው 21 ወይም 25 ነው።

ውሉ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የቤት መኪናችሁ ኢንሹራንስ የተከራያችሁትን አርቪ ይሸፍን እንደሆነ፤ ብዙ ጊዜ አይሸፍንም፣ የክሬዲት ካርድ ሽፋንም አርቪን አብዛኛውን ጊዜ አይጨምርም። ሁለተኛ፣ ጣሪያ ላይ የሚደርስ ጉዳት በማን ኪስ እንደሚከፈል፤ ብዙ ውሎች ይህን ለተከራዩ ይተዉታል። እዚህ አገር ለምን እንደሚያሳስብ ስለ ዛፎቹ ከታች ስታነቡ ይገባችኋል።

ወጪውን እንዴት እናስላ?

የቀን ኪራዩን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ብዙ ኩባንያዎች ከቀን ኪራዩ ሌላ በየማይሉ፣ ጄኔሬተሩ በሠራበት ሰዓት፣ ለአልጋ ልብስና ለማብሰያ ዕቃ፣ ታንኩ ሳይደፋ ከተመለሰም በቅጣት ያስከፍላሉ። ነዳጅ ደግሞ እንዲህ ይሰላል፦ 30 ጫማ የሆነ አርቪ በአንድ ጋሎን ከ8 እስከ 10 ማይል ነው የሚሄደው። ላይ ያስቀመጥነው የሂውስተን መስመር ከነዙሩ 700 ማይል ቢሆንና በ8 ቢካፈል 88 ጋሎን ገደማ ይሆናል፤ በዕለቱ የነዳጅ ዋጋ አባዙት።

የት እንደር?

ለውበት ስቴት ፓርኮቹን የሚያህል የለም። ሦስቱን እናስቀድማለን፦ ቪል ፕላት አጠገብ ያለው ቺኮት፣ አቤቪል አጠገብ ያለው ፓልሜቶ አይላንድ፣ በረግረጉ ጫፍ ያለው ሌክ ፎስ ፖይንት። የመጨረሻው የሚደረሰው ለጎርፍ መከላከያ የተሠራውን ግድብ ተከትሎ በሚሄድ ረጅምና ጭር ያለ መንገድ ስለሆነ ነዳጅና አስቤዛ ሴንት ማርቲንቪል ላይ ጨርሳችሁ ግቡ፤ ከጨለመ በኋላ ባትገቡበትም ይመረጣል። ሳይፕሬሞርት ፖይንት የሚባለውን ፓርክ በስሙ ብቻ አይታችሁ አትያዙት፤ ለቀን መዝናኛና ለጎጆ ኪራይ እንጂ ለአርቪ ማደሪያ የተሰናዳ አይደለም።

የዓርብና የቅዳሜ ሌሊት መጀመሪያ ይሞላል፤ በሚያዝያ መጨረሻ ላፋዬት ላይ የሚደረገው በነጻ የሚገባበት ዓለም አቀፍ ፌስቲቫልና ግንቦት ሲጀምር ብሮ ብሪጅ ላይ የሚከበረው የክሮፊሽ በዓል ሲደርሱ ደግሞ ሁሉም ይሞላል። ቦታ ስትመርጡ «ሲሚንቶ የተነጠፈበት» የሚለውን ያዙ። ሳር ላይ ከቆማችሁ አንድ ሌሊት ዶፍ ከጣለ ጎማው ይሰምጣል። ሳር ላይ መቆም ግድ ከሆነ ከጎማውና ከመደገፊያ እግሮቹ ሥር ወፍራም ጣውላ አንጥፉ።

የካምፑ 30 አምፕ መብራት ይበቃል? ብሬከሩ፣ ማለትም ኃይል ሲበዛ መብራቱን የሚቆርጠው ማብሪያ፣ ለምን ደጋግሞ ይወድቃል?

ሒሳቡን አንዴ ካወቃችሁት አይቸግራችሁም። 30 አምፕ በ120 ቮልት 3,600 ዋት ይሰጣል። ኤሲው ብቻውን ከ13 እስከ 15 አምፕ ይወስዳል። 1,500 ዋት የሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ 12.5 አምፕ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 28 ሊደርሱ ነው፤ ፍሪጁ በኤሌክትሪክ ከሆነና ባትሪውም እየሞላ ከሆነ ብሬከሩ ይወድቃል። የውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ሲሆን ብቻውን 12 አምፕ ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ እንጀራ ወይም ቂጣ ስትጋግሩ ማሞቂያውንና ፍሪጁን ወደ ጋዝ አዙሩ፣ ማይክሮዌቩን አትንኩ፤ ቢቻል ደግሞ ኤሲው ሳያስፈልግ በማለዳ ጋግሩ። 50 አምፕ ያለው መኪና 12,000 ዋት ስለሚያገኝ ይህ ሁሉ አይነካውም።

ስትሰኩ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፦ በካምፑ የመብራት ምሰሶ ላይ ያለውን ብሬከር አጥፉ፣ ቮልቴጅ የሚያነብ መከላከያ መጀመሪያ ሰኩ፣ ብሬከሩን አብርታችሁ ንባቡን ተመልከቱ፣ ደህና ከሆነ አጥፍታችሁ የመኪናውን ገመድ ሰኩና መልሳችሁ አብሩ። ይህን የምንለው በሁለት ምክንያት ነው። የ30 አምፑ ሶኬት በስህተት ለ240 ቮልት ተቀጥሎ ከተገኘ ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ ያቃጥላል። በሐምሌ ሙቀት ሁሉም ሰው ኤሲ ሲከፍት ደግሞ በአሮጌ ፓርኮች ቮልቴጁ ከ104 በታች ሊወርድ ይችላል፣ ያኔ የኤሲው ሞተር ይጋያል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሶኬቱን በእጃችሁ ዳስሱት። ለብ ቢል ችግር የለውም። የሚፋጅ ከሆነ፣ ወይም ስትነቅሉት የአንዱ እግሩ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ፕላስቲኩ ከቀለጠ፣ ሶኬቱ ላልቷል ማለት ነው። ጉልበት ጨምራችሁ አትግፉት፣ ሌላ ቦታ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ።

የመጸዳጃ ታንኩን ሁልጊዜ ክፍት መተው ይቻላል?

አይቻልም። የሽንት ቤቱ ታንክ ቫልቭ ክፍት ከሆነ ፈሳሹ ብቻውን ሄዶ ሌላው ታች ደርቆ ይከመራል፣ ከዚያ በኋላ በምንም አይወጣም። ዝጉት፣ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ መጀመሪያ እሱን ድፉ፤ ቀጥሎ የእጥበቱን ውሃ ልቀቁ፣ ቱቦውን ያጥብላችኋል። ብዙዎቹ የስቴት ፓርክ ቦታዎች ውሃና መብራት እንጂ ፍሳሽ የላቸውም፤ የሚደፋው ስትወጡ በጋራ ጣቢያው ነው። ቀድሞ የሚሞላው የእጥበቱ ታንክ ስለሆነ ገላችሁን በፓርኩ መታጠቢያ ቤት ታጠቡ።

ለመጠጥ ውሃ ነጩን የመጠጥ ቱቦ ተጠቀሙ። ግፊት መቀነሻውን፣ ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ የሚሰጠውን፣ የምትገጥሙት ከመኪናው በኩል ሳይሆን ከቧንቧው በኩል ነው፤ አለዚያ ቱቦው ራሱ ይፈነዳል።

የአሳማ ሥጋ የማንበላ ወይም የምንጾም ሰዎች እዚያ ምን እንበላለን?

ከኢትዮጵያውያን ተጓዦች ይህን ያልጠየቀን የለም ማለት ይቻላል፣ መልሱንም ግልጽ ማድረግ ይገባል፦ የዚህ አገር ምግብ ያለ አሳማ ብዙም አይሠራም። በየነዳጅ ማደያው የሚሸተው ቡዳን አሳማ፣ ጉበትና ሩዝ አንጀት ውስጥ የታጨቀበት ነው። አንዱዊና ታሶ የሚባሉትም አሳማ ናቸው። ችግሩ ስሙ ያልተጠራበት ቦታ ላይ ነው ያለው። «የዶሮ ጋምቦ» በሚባለው ወፍራም ሾርባ ውስጥ ከዶሮው ጋር የታጨሰ ቋሊማ አለበት፤ ቀይ ባቄላው በአሳማ አጥንት ነው የሚፈላው፣ ፎሶሊያው በቤከን ይጠበሳል፣ «ደርቲ ራይስ» የሚባለው ቡናማ መልክ ያለው የሩዝ ምግብ ውስጥም ጉበት አለ። ክሮፊሹ በሚቀቀልበት ድስት እንኳ ከበቆሎና ከድንቹ ጋር ቋሊማ የሚጥሉ አሉ። ስለዚህ «ሥጋ አለው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ለብዙዎቹ ቋሊማ ቅመም ነውና። «ቋሊማ፣ ካም፣ ቤከን ወይም የአሳማ ስብ ገብቶበታል ወይ?» ብላችሁ በየስሙ ጠይቁ። ሰዎቹ እንግዳ አክባሪ ናቸው፣ አይቀየሙም፤ ወጥ ቤት ድረስ ገብተው ጠይቀው የሚመለሱም አሉ።

ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የማይበላ ኦርቶዶክሳዊ ክሮፊሽ፣ ሽሪምፕ፣ ሸርጣን፣ ኦይስተር፣ ካትፊሽና አዞም ይቀሩበታል። የሚሆነው ቅርፊት ያለው ዓሣ ነው፦ ሬድፊሽ፣ ስናፐር፣ ነጠብጣብ ያለው ትራውት። የተጠበሰ ከሆነ ዘይቱን ጠይቁ። ሙስሊም ተጓዦች ቋሊማ ያልገባበት የባሕር ምግብ ካገኙ ጥሩ ይበላሉ። ያገሬው ሰዎችም የካቶሊክ ጾም ስላላቸው በዚያ ወቅት ዓርብ ዓርብ ምግብ ቤቶቹ ያለ ሥጋ የተሠራ ያቀርባሉ፤ ይህ ግን ቅቤና ወተት አይከለክልም፣ የእኛን ዐቢይ ጾም አይተካም።

ስለዚህ የአርቪው ማእድ ቤት እዚህ ትልቅ ሀብት ነው። እንጀራ፣ ሽሮና በርበሬ ከሂውስተን ወይም ከዳላስ ይዛችሁ ውጡ። በዚህ እርጥበት እንጀራ ከፍሪጅ ውጭ በሁለት በሦስት ቀን ይሻግታል፤ ለሁለት ቀን የሚበቃውን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፣ የቀረውን አራት አራት እያደረጋችሁ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ በረዶ ቤት አስገቡት። ምስርና ጎመን የምትሠሩበት ሽንኩርት፣ ሩዝና ቃሪያ በየመንደሩ ሱቅ ሞልቷል።

አርቪ ውስጥ ቡና ማፍላት፣ ዕጣን ማጨስ እንችላለን?

ቡናውን በጋዝ ምድጃው ላይ ማፍላት ትችላላችሁ፣ መስኮትና የጣሪያው ማራገቢያ ተከፍቶ። ከሰል ግን በፍጹም ወደ ውስጥ አታስገቡ፣ የተዳፈነም ቢሆን። አርቪ በጣም ጠባብ ቤት ነው፤ ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ ቤተሰብ ተኝቶ ሳለ ይገድላል። ቡና ቆልቶ ዕጣን ለማጨስ ሲባል የጢስና የጋዝ ማንቂያው ባትሪ የሚነቀልበት ቤት እንዳለ እናውቃለን፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

ሥርዓቱ ውጭ ያምራል። የጎን ጥላውን ዘርጉ፣ ከሰሉን ፓርኩ ባዘጋጀው የብረት ምድጃ ላይ አቀጣጥሉ፣ ቁሉ፣ ዕጣኑንም እዚያው አጭሱ። ትንኙም በጢሱ ትንሽ ራቅ ይላል። ጎረቤቶች ሽታውን ተከትለው መምጣታቸው ስለማይቀር ስኒ ጨምራችሁ ያዙ።

ረግረጉን እንዴት ነው የምናየው? አዞው አደገኛ ነው?

በጀልባ ነው። ከሄንደርሰን ወደ አቻፋላያ ረግረግ፣ ከብሮ ብሪጅ አጠገብ ደግሞ ወደ ሌክ ማርቲን የሚወስዱ አስጎብኚዎች አሉ። ከኋላው ትልቅ ማራገቢያ ያለው የአየር ጀልባ ፈጣንና ጩኸታም ነው፣ ልጆች ይወዱታል። ወፍና ፀጥታ ለሚፈልግ ግን ትንሿ ዝግ ያለች ጀልባ ትበልጣለች፤ በሳይፕረስ ዛፎቹ መካከል ሞተሩ ሲጠፋ ከቅርንጫፉ የተንጠለጠለው ስፓኒሽ ሞስ የሚባለው ግራጫ ሽበት መሰል ተክል ሲወዛወዝ፣ ሮዝ ቀለም ያለው ማንኪያ አፍ ወፍ ክንፉን ሲመታ ይሰማል። ማለዳ ወይም ፀሐይ ልትጠልቅ ሁለት ሰዓት ሲቀራት ያዙ። ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ በታች ከሆነ አዞ አይንቀሳቀስም።

አዞው ሰው ፍለጋ አይመጣም፣ ግን አትመግቡት፤ ሰውንና ምግብን አንድ አድርጎ ይለምዳል። ልጅና ውሻ ውሃ ዳር አይቅረቡ። በሌክ ማርቲን የግድቡ የእግር መንገድ አዞዎቹ እንቁላል በሚጥሉበት በሞቃቱ ወራት ይዘጋል።

ረጃጅሞቹ ድልድዮች ያስፈራሉ። ምን እናድርግ?

በ10 ቁጥር ሃይዌይ ላይ ከላፋዬት ወደ ባተን ሩዥ ስትሄዱ አቻፋላያን የሚሻገረው ድልድይ 18 ማይል፣ 29 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መሐል ላይ ያሉት መውጫዎች ሁለት ብቻ ናቸው። አደጋ ከተፈጠረ ለሰዓታት መቆም ስላለ ከመግባታችሁ በፊት የመንገድ መረጃ በሚሰጠው ስልክ ቁጥር 511 ላይ የመንገዱን ሁኔታ ስሙ፣ ነዳጅ ሙሉ፣ ልጆቹን ሽንት ቤት አድርሱ። ቀኙን መስመር ይዛችሁ በተለጠፈው ፍጥነት ሂዱ። ቡት ላ ሮዝ በሚባለው ኤግዚት 121 ላይ የእንግዳ መቀበያ አለ፣ ትንፋሽ ለመውሰድ ይመቻል።

ከድልድዩ ርዝመት ይበልጥ የሚያስቸግሩት ሌሎች ሁለት ናቸው። በሌክ ቻርልስ ያለው የ1952ቱ ድልድይ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ በጎኑ መቆሚያ የለውም፤ ነፋስ ባለበት ቀን 210 በሚባለው ዙሪያ መንገድ መሄድ ይቻላል። ባተን ሩዥ ላይ ሚሲሲፒን የሚሻገረው ደግሞ ከቀኑ 9 እስከ 12 ሰዓት ማታ ድረስ ይጨናነቃል፤ እኩለ ቀን ላይ እለፉት።

ጂፒኤሱ ለምን ወደማይሆን መንገድ ይመራናል?

የስልካችሁ ካርታ የሚያስባችሁ ትንሽ መኪና ውስጥ አድርጎ ስለሆነ ነው። የመኪናውን ቁመት፣ ከኤሲው ጫፍ ጋር ለክታችሁ፣ በፕላስተር ጽፋችሁ መሪው ፊት ለጥፉት፤ ብዙዎቹ የኪራይ አርቪዎች ከ11 እስከ 12 ጫማ ናቸው። በሴንት ማርቲንቪልና በኒው አይቤሪያ የድሮ ጎዳናዎች ላይ የኦክ ዛፎቹ ክንዳቸውን በመንገዱ ላይ ዘርግተዋል። ግንዱን አይቶ የሚነዳ ሰው ቅርንጫፉን አያይም፤ የጣሪያው ማራገቢያ ክዳን የሚሰበረው ከዳር ተጠግቶ ሲነዳ ነው፣ መሐሉን ያዙ። ባዩ ቴሽ በሚባለው ወንዝ ላይ ያሉ ትንንሽ ድልድዮችም የክብደት ገደብ አላቸው። ሰሌዳው ላይ ያለውን ቶን ከመኪናው በር ላይ ካለው ክብደት ጋር አስተያዩ።

ትልቁን መኪና ካምፑ ላይ ተክላችሁ ለሁለት ቀን ትንሽ መኪና ከላፋዬት መከራየት ብዙ ጊዜ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ይገላግላል።

ስለ ጉንዳንና ትንኝ ምን እንዘጋጅ?

የእሳት ጉንዳን የመብራት ሳጥኑ ውስጥ ጎጆ ይሠራል። ሳጥኑን ሳታዩ እጃችሁን አትክተቱ። በጎማው፣ በውሃው ቱቦና በገመዱ ዙሪያ የጉንዳን ዱቄት ነስንሱ፤ ወደ ቤት የሚገባው በእነዚህ ተሰልፎ ነው። በግንቦትና በመስከረም ደግሞ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚበሩ ጥቁር ነፍሳት የመኪናውን ፊት ይሸፍኑታል፤ በፀሐይ ከደረቁ ቀለሙን ስለሚበሉት በዚያው ቀን ማታ እጠቡት፣ የራዲያተሩንም መረብ አጽዱ።

ክሪዮል ኔቸር ትሬይል በአርቪ ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን ተዘጋጅታችሁ። 180 ማይል ያህል የሆነው ይህ መንገድ ከሰልፈር ተነስቶ በሃክቤሪ በኩል ሆሊ ቢች ይደርሳል፣ በካሜሮን አድርጎ ወደ ሌክ ቻርልስ ይመለሳል። ሙሉ ቀን ስጡት። ነዳጅ ሰልፈር ላይ ሙሉ፣ ምሳ ያዙ፣ በሳቢን የዱር እንስሳት መጠለያ የእንጨት መተላለፊያ ላይ በእግራችሁ ሂዱ። ካሜሮን ላይ የመርከብ መስመሩን የሚያሻግረው ጀልባ በነፋስና በብልሽት ይቆማል፤ ቆሞ ካገኛችሁት በመጣችሁበት መመለስ ነው። ስለዚህ ሆሊ ቢች ከመድረሳችሁ በፊት 511ን ጠይቁ። አሸዋው ላይ ትናንሽ መኪኖች ሲነዱ ብታዩም አትከተሏቸው። አርቪ ከሰመጠ ጎታች ከሩቅ ነው የሚመጣው።

እዚህ ስታልፉ በረጃጅም ምሰሶ ላይ የተሠሩ ቤቶችና ባዶ የሲሚንቶ ወለሎች ታያላችሁ። በ2005 ሪታ የተባለው አውሎ ነፋስ፣ በነሐሴ 27፣ 2020 በሰዓት 150 ማይል የነፈሰው ሎራ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ዴልታ ይህን ዳርቻ መትተውታል። ፎቶ ስታነሱ የሰው ቤት የነበረ መሬት መሆኑን አትርሱ።

አውሎ ነፋስ ቢመጣ ምን እናደርጋለን?

የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከሰኔ 1 እስከ ኅዳር 30 ነው። አርቪ መጠለያ አይደለም፤ በሰዓት 40 ማይል ነፋስ ሲነሳ መንዳትም አደገኛ ይሆናል። ስለዚህ የመውጫ ትእዛዝ እስኪመጣ አትጠብቁ። ትንበያው ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሲያመላክት ሦስት ቀን ቀድማችሁ፣ ወረፋው ሳይጀምር፣ በ49 ቁጥር ሃይዌይ ወደ አሌክሳንድሪያና ሽሪቭፖርት ሽሹ። ነዳጁን ከግማሽ በታች አታድርሱት፤ የመጸዳጃ ታንኩን ባዶ፣ የመጠጥ ውሃውን ሙሉ አድርጋችሁ ውጡ።

እንግዶችን የሚያደናግር ሌላ ነገር አለ። የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ በሬዲዮ የሚተላለፈው በአብዛኛው በከተማ ስም ሳይሆን በፓሪሽ ስም ነው። «ለቨርሚሊየን ፓሪሽ የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያ» ሲባል አቤቪል አጠገብ የተኛ እንግዳ ስለ እሱ መሆኑን አያውቅም። በየካምፑ ስትገቡ የፓሪሹን ስም ጠይቃችሁ በወረቀት ጻፉና በሩ ላይ ለጥፉት፦ ብሮ ብሪጅና ሴንት ማርቲንቪል ሴንት ማርቲን፣ ኒው አይቤሪያ አይቤሪያ፣ ማሙና ቪል ፕላት ኢቫንጀሊን፣ ሌክ ቻርልስ ካልከሹ ነው። ዩኒስ አብዛኛው ሴንት ላንድሪ ውስጥ ነው። የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያው የእናንተን ፓሪሽ ከጠራ ጫማ አድርጋችሁ፣ ልጆቹን ይዛችሁ፣ ከአርቪው ወጥታችሁ በጡብ ወደተሠራው የካምፑ መታጠቢያ ቤት ግቡ። የትኛው በር ሌሊት እንደማይቆለፍ በገባችሁበት ምሽት ሄዳችሁ እዩ።